ለአዱኛው የሰጠሁት ግጥም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን የምናዘዘው ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ የምሸጠውን ጠላ ማቅጠኔን ነው። እሳቸው ስግደት ይሰጡኛል፣ መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፣ እኔም ቀለል ያለኝ መስዬ እወጣለሁ። ትልቁን ኃጢአቴን በትንንሾቹ ሸፍኜ አረጀሁ። አሁን መሸፈኑ ራሱ ደክሞኛል።

አዝማሪ አዱኛውን ያስበላሁት እኔ ነኝ።

አዱኛው ላሊበላ የመጣው በደርግ ዘመን፣ ከጋይንት፣ በእግሩ ነው። ማሲንቆውን በአቡጀዲ ጠቅልሎ ጠላ ቤቴ በር ላይ ቆመና «እትዬ፣ አንድ ሳምንት ልጫወትልሽ፤ ካልጣምኩሽ አባሪኝ» አለኝ። ሦስት ዓመት ተቀመጠ። መጀመሪያ ሰዉ በአነጋገሩ ይስቅበት ነበር፤ ኋላ እሱ የሌለበት ድግስ ድግስ መባሉ ቀረ። ሠርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ከገነተ ማርያምም ከሙጃም እየመጡ ይወስዱት ነበር። ዜማውን የተማረው ከአባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ ከአያቱ። ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ስጨፍን አገሬ ያለሁ ይመስለኛል» አለኝ።

ስሙ ቢወጣም ወረቀት አልነበረውም። የቀበሌ መታወቂያ የለው፣ የይለፍ ወረቀት የለው። ሁለት ጊዜ አሰሩት። አብዮት ጥበቃዎቹ በድግስ ላይ ሲያጨበጭቡለት ውለው በማግስቱ «መጤ» እያሉ ይጎትቱት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ቀበሌ ሄጄ ዋስ ሆንኩት። «ለሚያጠፋው ጥፋት እጠየቃለሁ» በሚል ወረቀት ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል፣ እታገኝ ብዬ ስሜን ጻፍኩ። በሕይወቴ የፈረምኩት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። እንዴት ኮርቼ ነበር!

ከዚያ ወንድሜን መልካሙን ለብሔራዊ ውትድርና አፈሱት። ቅዳሜ ገበያ ገብስ ሸጦ ሲመለስ፣ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ነው የወሰዱት። እናት አባታችን ሞተው ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ የእሱ እኩያ ነበር፤ ታሟል ተብሎ ቀረ። ኩላሊቱን ነው አሉ። በሳምንቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ በደጄ ሲያልፍ አየሁት።

ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ ነደደኝ እንጂ። ጌሾ እየወቀጥኩ፣ ጋን እያጠብኩ በልቤ ግጥም እገጥም ጀመር። የገጠምኩት ይሄ ነው፦

የኛ ወንድም ሁሉ ሄደ ተመልምሎ፣
የሊቀመንበሩ ቀረ ታሟል ተብሎ።

አንድ እሑድ ጎረቤቴ የልጇን ክርስትና ደገሰች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ዳሱ ሞልቷል፤ ሊቀመንበሩ ከነጠመንጃው ከፊት ተቀምጧል። አዱኛው መሐል ቆሞ ይጫወታል። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ወንዶቹ «ተቀበል!» እያሉ በግልጽ፣ ጮክ ብለው ይሰጡታል። እኔ ግን ጠላ እየቀዳሁለት ጎንበስ ብዬ በጆሮው ሰጠሁት።

እጁ ማሲንቆው ላይ ቆመ። ሊቀመንበሩን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ።

«እትዬ፣ ይሄስ ይቅርብን» አለኝ በሹክሹክታ።

ሊቀር ይችል ነበር። እዚያው ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም። ግን የሚፎክርበትን ነገር አውቅ ነበር። «የተሰጠኝን ግጥም አልመልስም፣ የሰጠኝንም ሰው አልናገርም፤ የአባቴ ሕግ ነው» ይል ነበር ሁልጊዜ። ይህን አውቄ ነው «ፈርተህ የአባትህን ሕግ ልትተው ነው?» ያልኩት። እልህ አስገባሁት። ለምን? ሊቀመንበሩ እንዲሰማው ስለፈለግሁ፣ ከኔ አፍ እንዲሰማው ግን ስላልፈለግሁ። የራሴን ንዴት በሰው አፍ አስወጣሁ፤ ያውም ዘመድ በሌለው ሰው አፍ።

አዱኛው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እሰይ» አሉና ወዲያው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሊቀመንበሩ ጠላውን ጨረሰ፣ ሕፃኑን መረቀ፣ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት አዱኛውን ከቤቴ ወሰዱት።

ሐሙስ ዕለት ሸንጎ ተቀመጠ። አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል።

«"የኛ ወንድም" ትላለህ» አለው ሊቀመንበሩ። «አንተ እዚህ አገር ምን ወንድም አለህ? ይሄ ያንተ ግጥም አይደለም። ማን ነው የሰጠህ?»

አዱኛው የአባቱን ሕግ ጠበቀ። ሰዉ ግን ወንድሙ የሄደበት ማን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ በአንድ ወደኔ ዞሩ። ሊቀመንበሩም ዞረ።

«አንቺ ዋሱ ነሽ። ግጥሙ የማን ነው?»

ምን ልል ይገባኝ ነበር? «የኔ ነው»፤ ሁለት ቃል ናት። ያን ወረቀት አሰብኩ፣ ፊርማዬን። ጠላ ቤቴን አሰብኩ። መልካሙ ሲመለስ ባዶ ቤት እንዳይጠብቀው ብዬ አሰብኩ ልላችሁ ነበር፤ እሱን ሰበብ ግን ኋላ ነው የጨመርኩት። ያን ሰዓት ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው። «የራሱ ነው» አልኩ። እሱም አልበቃኝም። ማንም ሳይጠይቀኝ «እንዲያውም ተው ብዬው ነበር» አልኩ።

አዱኛው ቀና ብሎ አየኝ። ምነው ተቆጥቶ ባየኝ! «አዎ፣ የኔ ነው። እትዬ ተው ብላኝ ነበር» አለ። ግጥሜን እንደተቀበለኝ ውሸቴንም ተቀበለኝ።

ሁለት ወር አሰሩት። በሚቀጥለው ዙር ከቀበሌያችን ምልምል ሲፈለግ አንድ ሰው ጎደለ፤ የታመመው ልጅ ቦታ መሆኑ ነው። በአዱኛው ሞሉት። ሦስት ዓመት ሙሉ መታወቂያ ስጡኝ ብሎ ሲለምናቸው የኖረውን ሰው በዚያን ቀን መዘገቡት፤ «የቀበሌያችን ልጅ» ብለው፣ አስጨብጭበው ሸኙት። መኪናው በደጄ ሲያልፍ እኔ በሩን ዘግቼ ውስጥ ነበርኩ።

ወንድሜ ተመለሰ። እግሩ ቆስሎ፣ እያነከሰ፣ ግን ተመለሰ። የአዱኛው መርዶ ነው የመጣው። ሰዉ ለመልካሙ ስለ ግጥሙ ነግሮት ኖሮ «ስለኔ ተቆርቁሮ ነው የሄደው፤ ነፍሱን ይማረው» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ይቺን አሜን ዛሬም ስሰማት ያንገሸግሸኛል።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በገና ሰሞን፣ ለመሳለም የመጣ እንግዳ አገሩን ሞልቶት ነበር። እንደ ልማዳችን ውኃ አሙቄ የእንግዳ እግር አጥባለሁ። አንዲት አሮጊት ከገንዳው ፊት ተቀመጡ፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፣ ጣታቸው ደም ይዟል።

«ከየት ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ከጋይንት። ልጄ፣ እታገኝ የምትባል ጠላ ሻጭ ታውቂያለሽ? ልጄ አዱኛው ሰው ሲልክብኝ እንደ እህት ያዘችኝ ይል ነበር። ሳልሞት አንድ ጊዜ ልያት ብዬ ነው።»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ጎንበስ ብለው አናቴን ሳሙኝ። ብዙ ጊዜ ሳሙኝ። ከዚያ ልጃቸው ምን ብሎ ዘፍኖ እንደተወሰደ ጠየቁኝ። ግጥሙን ነገርኳቸው። እስኪይዙት ድረስ በከንፈራቸው ደጋገሙት። «አባቱም እንዲህ እውነት ተናጋሪ ነበር፤ የልጄ ግጥም ነው» አሉና እያለቀሱ ኮሩ። ማሲንቆውን ሰጠኋቸው። «ልጄን ያስጠጋሽ፣ አምላክ ያስጠጋሽ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

የዚያን ዕለት ዝም ያልኩት ለእሳቸው አዝኜ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል እንዴት እነጥቃቸዋለሁ እያልኩ። ውሸት ነው። የሳሙትን አናት እንዳይረግሙት ፈርቼ ነው። ሸንጎ ፊት ፈራሁ፤ በገዛ ቤቴ፣ የደከሙ አሮጊት እግር ሥር ተንበርክኬም ፈራሁ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ነበር፤ ዘመኑም ክፉ ነበር። እኔን ግን «ተው ብዬው ነበር» በይ ያለኝ ዘመኑ አይደለም።

እዚህ ላይ ይቅርታ ብዬ ልጽፍ ነበር። ለማን ብዬ? አዱኛው የለም። እናቱም ይህን ጊዜ አይኖሩም። የናንተን ይቅርታ ብለምን ደግሞ ሌላ የምደበቅበት ሰው መፈለግ ይሆንብኛል። አልለምንም። ሸንጎው የጠየቀኝን ብቻ፣ ጠያቂውም ተከሳሹም ካለፉ በኋላ፣ ልመልስ።

ግጥሙ የኔ ነው። ተው አላልኩትም። እታገኝ ነኝ፤ ስሜን በእጄ ጽፌዋለሁ።