ሁለት ልታመጣ ሄዳ

ያን ዕለት ጠዋት ኮኮዌ ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ ከቤት ወጣች። ቀድማ ያየቻት የባሏ አክስት ታሲ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው እኮ! ልጆቹ ገና ሲያዩሽ እንዲሸሹ ነው?»

«ውይ ታሲ... ቸኩዬ እኮ ነው» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ግቢና አስተካክዪ! ውጭ አገር ነው የምንሄደው፤ አታዋርጂን።»

ደጃፉ ላይ አልጋ የሚልገው ባሏ አናኒ ከት ብሎ ሳቀ። ውጭ አገር የተባለው ቤኒን ነው። ከሚኖሩባት ከአኔሆ ተነስተው፣ ጠረፉን ተሻግረው ኮሜ እስኪደርሱ ትኩስ ዓሣ እንኳ አይበላሽም። ቢሆንም ሌላ መንግሥት ነው፤ ሌላ ዳኛ፣ ሌላ ማኅተም አለው። ኮኮዌም ለዚያ ማኅተም ሁለት የዝናብ ወቅት ጠብቃለች።

ኮኮዌ ዓሣ በጭስ አድርቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ዓይን አፋርነቷ የታወቀ ነው። ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠይቋት ዓሣውን እያየች ነው የምትመልሰው እንጂ ሰውየውን ቀና ብላ አታይም። ስሟን መጻፍ ትችላለች፤ ግን ጽፋ እስክትጨርስ ግንባሯ ላብ ያወጣል። ሰው በተሰበሰበበት የምትናገረው ካላት ለታሲ በጆሮዋ ታንሾካሹክላታለች፣ ታሲ ደግሞ ለአገር ታሰማላታለች። «እኔ የኮኮዌ ጥሩምባ ነኝ» ትላለች ታሲ።

ከአናኒ ጋር ብዙ ዘመን ኖረው ልጅ አልወለዱም። ሰው ብዙ አለ፤ ኮኮዌ ወደ ምድጃዋ ትዞራለች። ዓሣዋን ታገላብጣለች፣ ጭሱ ዓይኔን ያዘኝ ትላለች።

ኮሜ ያለው የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ የዓሣ ደንበኛዋ ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳለች፣ ከስምንት ዓመት የማትበልጥ ልጅ ኮኮዌ ያመጣችውን ዓሣ በጣቷ እየፈለቀቀች፣ እሾሁን እየለቀመች ታናሽ ወንድሟን ስታጎርስ አየች። ለራሷ የቀራት እሾሁ ላይ የተጣበቀው ብቻ ነው። ሮዚንና ፕሮስፔር ይባላሉ አሏት። ወንዱን ብቻ እንውሰድ የሚሉ ሰዎች መጥተው እንደነበርም ነገሯት። ኮኮዌ ያን ቀን ዘንቢሏን እዚያው ረስታ ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ ለአናኒ «ሁለቱንም» አለችው። እሱ ታንኳ ጠጋኝ ነው፣ ነገር አያበዛም። «ሁለቱንም» አላት።

እና ዛሬ ቀኑ ደረሰ። ታክሲው ውስጥ ኮኮዌ ከአንድ ጣቃ ያሰፋችውን የልጆቹን ልብስና በቅጠል የተጠቀለለውን አብሎ፣ ለስላሳውን የበቆሎ ዳቦ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አጥብቃ ይዛዋለች።

«ቀስ በይ፤ ዳቦውን ጨምቀሽ ገንፎ አደረግሽው» አለቻት ታሲ።

ማሳደጊያው ግቢ ሲደርሱ ኃላፊዋ ማማ ፊሎሜን እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው። ከሰሜን የመጣች፣ የዚህን አካባቢ ልማድ እምብዛም የማታውቅ ሳቂታ ሴት ናት። ከአጠገቧ ወይዘሮ ኤርሚን ተቀምጣለች፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከችው ሴት። የመጨረሻው ፊርማ የእሷ ነው። ልጆቹ በፈቃዳቸው መሄዳቸውን በዓይኗ ካላየች አትፈርምም።

ልጆቹ አዲሱን ልብስ ለብሰው ወጡ። ትንሹ እየዘለለ ታክሲው ውስጥ ገባና የሾፌሩን ወንበር ያዘ። ልጅቷ ግን ደረጃው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። የበረንዳውን ምሰሶ በሁለት እጇ አቀፈች።

«አልሄድም።»

«ሮዚን፣ ምን ሆንሽ? ትናንት ስትዘፍኚ አልነበር እንዴ?» አለች ማማ ፊሎሜን።

«አልሄድም!»

አባበሏት፤ ጭራሽ ምሰሶው ላይ ተለጠፈች። ወይዘሮ ኤርሚን ብዕሯን ከደነች። «ማስገደድ አይቻልም። ከአሁን ወዲያ ዳኛው እንደገና ይየው።»

ኮኮዌ ታክሲው ውስጥ ያለውን ትንሹን አየች። ዳኛው እንደገና ካየው እነዚያ ወንዱን ብቻ የፈለጉት ሰዎች ይመለሱ ይሆናል። ወንድምና እህት ሊለያዩ ነው።

ይሄኔ ታክሲው ጥሩምባውን አንባረቀ።

«ፕሮስፔር! ተው ውረድ!» ብላ ጮኸች ማማ ፊሎሜን።

ትንሹ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ፕሮስፔር አይደለሁም! ዶሱ ነኝ!»

«እህቱ ናት እንዲያ የምትለው፤ የቤት ስም መሆኑ ነው» አለች ኃላፊዋ እየሳቀች።

ኮኮዌ ግን ክው አለች። ዶሱ! በዚያ አገር ይህን ስም ማንም ደስ ስላለው አያወጣውም። ዶሱ ማለት መንታ ከተወለደ በኋላ ተከትሎ የሚመጣ ወንድ ነው። ከዚህ ልጅ በፊት ደግሞ ያለችው ይህችው ልጅ ብቻ ናት። እሷ መንታ ከሆነች ሌላው የት አለ? ኮኮዌ ራሷስ እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ስትጠራቸው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም?

ልታንሾካሹክ ወደ ታሲ ዞረች። ታሲ የለችም። በር ላይ ከሾፌሩ ጋር ስለ መቆሚያ ሒሳብ ትሟገታለች። ሰው ሁሉ ኮኮዌን ያያል። ዝም ካለች ግን ታክሲው ባዶውን ይመለሳል።

ሄዳ ከምሰሶው ሥር ቁጢጥ አለች። «ዚንሁዌ» አለቻት፤ መንታ ሆና የተወለደች ሴት የምትጠራበት ስም ነው፤ ወንዱ ደግሞ ዚንሱ ይባላል።

ልጅቷ ቀና አለች።

«መንታ ወንድምሽ ዚንሱ የት አለ?»

ልጅቷ በአገጯ ወደ ጓሮ ጠቆመች። «መጋዘን ውስጥ ነው። ቆለፉበት!»

ወይዘሮ ኤርሚን ከወንበሯ ዘለለች። «ልጅ ነው የቆለፋችሁት?»

«በእመቤታችን! መጋዘን ውስጥ ያለው ባቄላ ነው!» አለች ማማ ፊሎሜን፤ መስቀሏን ጨብጣ።

«ልጅ... ማለቴ የሞተው መንታዋ ነው» አለች ኮኮዌ። «መንታ ሲሞት ምስሉን ከእንጨት ይቀርጹለታል። እሷ ስትበላ ይበላል፣ ስትለብስ ይለብሳል። ትታው ከሄደች... አይሆንም፤ ትታው አትሄድም።»

ወይዘሮ ኤርሚን ግንባሯን መታች። «አዬ! የአያቴ ቤት እኮ እንዲህ ያሉ ሁለት እንጨቶች ነበሩ።»

ልጅቷ የገዛ አያቷ የሰጠቻትን እንጨት እንዳይወሰድባት መጋዘኑ ውስጥ ከባቄላ ጆንያዎቹ ኋላ ደብቃው ኖሯል። ትናንት መጋዘኑ ተጠርጎ አዲስ ቁልፍ ገባበት። ቁልፉን ደግሞ ንብረት ጠባቂው ባዚል ይዞት ገበያ ሄዷል።

«በቃ፣ እኛ እናስቀምጥላችኋለን» አለች ማማ ፊሎሜን በቅንነት። «ዓሣ ስታመጪ ትወስጂዋለሽ።»

ኮኮዌ ብድግ አለች። «ልጄን ትቼ አልሄድም!»

ግቢው ውስጥ የሚለቅሙት ዶሮዎች ተበታተኑ።

«የመጣሁት ለሁለት ነበር፤ ሦስት ሆነው አገኘኋቸው። ሦስቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ባዚል ማታም ቢመጣ እጠብቃለሁ።»

በር ላይ ታሲ አፏን ከፍታ ቀረች። «ማናት የጮኸችው?» አለች ሾፌሩን።

«ያንቺዋ ናት።»

«የኔዋማ አትጮህም!»

ባዚል በሞተር ሳይክል፣ ከኋላው ዶሮ አንጠልጥሎ ሲደርስ ሁሉም ተሯሩጠው ከበቡት፤ ሌባ የተያዘ ነው የሚመስለው። በሩ ተከፈተ። ልጅቷ በጆንያዎቹ መሃል ሾልካ ገባችና ክንድ የማያህል፣ ጨርቅ የለበሰ እንጨት ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። የባቄላ አቧራ አልብሶታል። ኮኮዌ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከአብሎው ቆረሰችና ወደ እንጨቱ አፍ አስጠጋች፤ ቀጥላ እኩሉን ለልጅቷ ሰጠች።

ልጅቷ አኘከች። ወንድሟን ሽርጧ ውስጥ ሸጎጠችና ማንንም ሳታይ ወደ ታክሲው ሄደች።

«ዶሱ፣ ተጠጋ! መስኮቱ ጋ የሚቀመጠው ዚንሱ ነው።»

ወይዘሮ ኤርሚን እየሳቀች ፈረመች።

ጠረፍ ላይ ፖሊሱ አንገቱን በመስኮት አስገባ። «ስንት ልጅ ነው?»

ታሲ አፏን ስትከፍት ኮኮዌ ቀደመቻት። «ሦስት።»

«ወረቀቱ ሁለት ነው የሚለው።»

ልጅቷ ሽርጧን ገለጥ አደረገች። ፖሊሱ ኮፍያውን አወለቀ። «ውይ፣ ጌታዬ! ይለፉ፣ ይለፉ!»

«ቪዛ አትጠይቀውም?» አለች ታሲ።

«እኔም ቤት መንታ አሉ፣ እናቴ። አንዱን ካስቀየምኩ ሁለቱም ናቸው የሚያኮርፉኝ። ከመንታ ጋር አልጣላም!»

«እንግዲህ ጥሩምባዋ ሥራ ፈታ ማለት ነው» እያለች ታሲ እስከ አኔሆ ድረስ አጉረመረመች፤ ግን እየሳቀች ነው።

ታክሲው ሰፈር ሲገባ ሰው እልል ብሎ ወጣ። ዶሱ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ልጅቷ ልታወርደው ብትሞክር ከበዳት፤ ሁለት እጅ ያስፈልጋታል። ዙሪያዋን አየች። ታሲን አየች፣ ጎረቤቱን አየች። ከዚያ እንጨቱን ከሽርጧ አውጥታ ለኮኮዌ ዘረጋችላት።

«ያዢልኝ። እንዳትጥዪው።»

ኮኮዌ በሁለት እጇ ተቀበለች። በሕይወቷ እንዲህ አጥብቃ የያዘችው ነገር የለም።

አናኒ መላጊያውን እንደያዘ መጣ። ልጅቷን አየ፣ ትከሻዋ ላይ የተኛውን አየ፣ ሚስቱ እጅ ላይ ያለውን አየ። ከዚያ ጨርሶ ደጃፉ ላይ ያቆመውን አልጋ ዞሮ ተመለከተ።

«ስፋቱን ለሁለት ነው የለካሁት» አለና ጭንቅላቱን አከከ። «ይሄኛውስ? ከእህቱ ጋር ነው ወይስ ለብቻው የሚተኛው?»

«ከእኔ ጋር» አለች ልጅቷ።

«እሺ፤ እንግዲያው ትንሽ ሰፋ ይበል» አለና እዚያው ቁጭ ብሎ እንጨት መምረጥ ጀመረ።