ቆሻሻ በአማች ግቢ

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ በባቡር ለሚቸኩል ሰው ሩቅ ነው። እኔ አልቸኩልም። እሑድ እሑድ ቀዩን ባቡር እይዝና መሀል ዋሽንግተን ላይ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፤ ወንዙን ሲሻገር ውሃውን አያለሁ፤ ከወረድኩ በኋላም ቀስ እያልኩ ወደ አማቼ ቤት እሄዳለሁ። አማቼ የምላቸው የልጄን ሚስት አባት ነው።

መሄድ የጀመርኩት ባለቤታቸው በሞቱ ጊዜ ነው። ልቅሶው ሳለ ቤቱ ሰው በሰው ነበር። አርባው ሲወጣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ምን ያድርግ፣ የዚህ አገር ሥራ ይሉኝታ አያውቅም። አማቼ ግን ከቤት መውጣት ተዉ። ምራቴ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ምግብ ይዛ ትመላለሳለች፤ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነው።

«አባባ» አለችኝ አንድ ቀን። አባባ የምትለኝ እኔን ነው፤ የራሷን አባት አባዬ ነው የምትላቸው። «አባዬ ከዚያ ወንበር ካልተነሣ እዚያው ያልቅብኛል። ልጄንም ሳያይ። እርስዎ ቢሄዱለትስ?»

«ሄጄ ምን አወራቸዋለሁ ልጄ? እኔ ወሬ አላውቅ።»

«አያውሩት። ቁጭ ይበሉለት ብቻ።»

ቁጭ ማለት እንኳ እችልበታለሁ። ሥራዬም እሱ ነው፤ ፓርኪንግ በር ላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ቁጭ ብዬ ቲኬት ስቀበል መዋል።

በመጀመሪያዎቹ እሑዶች «እንዴት ሰነበቱ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ፍሪጁ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን አጠገባቸው ካለው መሳቢያ ሁለት ግራጫ ነገሮች አወጡ። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ የሚጫወቱባቸው ጌሞች ናቸው፤ መዳፍ ይሞላሉ፣ አንድ ቀጭን ገመድ ያገናኛቸዋል።

«ልቅሶ ቤት ካርታ ይጫወቱ የለ?» አሉኝ። «እኔ ካርታ የለኝም።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከላይ ጡብ ይወርዳል፤ መልኩ ልዩ ልዩ ነው። እያዞሩ ማገጣጠም ነው። ረድፉ ከዳር እዳር ከሞላ ይጠፋል፤ ቀዳዳ ካለበት ይቀራል፤ ክምሩ ጣሪያ ሲነካ አለቀ። እኔ ለጡቦቹ ስም አወጣሁላቸው፦ ቀጥ ያለው ዱላ፣ ጫፉ የታጠፈው ከዘራ፣ አራት ማዕዘኑ ሳጥን፣ የተጣመመው እባብ። የዚያ ዘመን ጌም መስታወቱ ውስጥ መብራት የለውም፤ ስለዚህ ወንበራችንን ወደ መስኮቱ አስጠጋን። ድምፁን ዘጋነው፤ ኀዘን ቤት ነዋ።

«አንዱን ይዘው ይሂዱ» አሉኝ ስወጣ። «ይለማመዱ። እንዲህ ቶሎ ቶሎ ከሞቱማ ምን ጨዋታ አለው?»

ተለማመድኩ። መኪና በማይመጣበት ሰዓት እዚያችው ክፍሌ ውስጥ። መጀመሪያ የመጣውን ጡብ ባገኘሁት ጉድጓድ እወትፍ ነበር። በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥግ ላይ እንደሚታይ አስተዋልኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ጀመርኩ። መሬቱን ደልዳላ አድርጎ መያዝ፣ እባቡን ከሥሩ ቀዳዳ ሳይተው ማስተኛት፣ አንዱን ዳር ክፍት ትቶ ዱላ መጠበቅ። ዱላ እንደ አውቶቡስ ነው፤ ሲፈልጉት የለም፣ ሳይፈልጉት ተከታትሎ ይመጣል። አንድ ቀን ያገራችን ልጅ የሆነ ባለታክሲ መስታወቱን አንኳኳብኝና «አባቴ፣ በሩን ይከፍቱልኛል ወይስ ጌሙ እስኪያልቅ ላንቀላፋ?» አለኝ። ስደነግጥ ዱላዬን ያለ ቦታው ጣልኩት።

ትንሽ ስችል አማቼ የቀረውን ነገሩኝ። ገመዱ ጡብ ያሻግራል። አንድ ረድፍ ብቻ ካጠፉ ምንም የለም፤ ብዙ ረድፍ ባንዴ ካጠፉ ግን በባላጋራዎ በኩል ቆሻሻ የሚሉት ትርፍ ጡብ ከሥር ይገባና ክምሩን ወደ ጣሪያ ይገፋዋል። የባሰው አራት ረድፍ በአንድ ዱላ ሲጠፋ ነው።

ይኼ አልተዋጠልኝም። ቆሻሻ ወደ ሰው ግቢ መድፋት ነውር ነው፤ የአማች ግቢ ሲሆን ደግሞ፣ ያውም የኀዘንተኛ! ስለዚህ አንድ አንድ ረድፍ ብቻ እያጠፋሁ መጫወት ጀመርኩ። ይኼም ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ችሎታ ይጠይቃል። አማቼ ግን ይደፉብኛል፤ እኔ እሸነፋለሁ። «በርቱ፣ ዛሬም ቀጡኝ» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም።

«ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚያሸንፉት» አልኳት ምራቴን፣ ደስ ይበላት ብዬ።

«ሳቀ?»

አልሳቁም።

ከዚያ ወዲያ በነበረው እሑድ ስንጫወት ዱላ መጣልኝ። ዳሩ ክፍት ነው፤ ዱላው ቢገባበት አራቱም ረድፍ ይጠፋል። እንደ ልማዴ አስተኛሁት። አማቼ ለካ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው የእኔን መስታወት ያያሉ።

«ለምን አልከተቱትም?»

«እጄ ስቶ ነው።»

«እጅዎ አልሳተም። ስንት ጊዜ አየሁዎት!»

መዋሸት አልቻልኩበትም። «ኀዘንተኛ ላይ ቆሻሻ አልደፋም» አልኳቸው።

ጌሙን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እርስዎም እንደ ሰዉ ሆኑ» አሉ። «ልጄ ስትመጣ እንደ ሕፃን ቀስ ብላ ታወራኛለች። ጎረቤት በሹክሹክታ ነው ሰላም የሚለኝ። እኔ አልሞትኩም እኮ፤ የሞተችው እሷ ናት። በዚህ ጌም ከማን ጋር ስጫወት የኖርኩ መሰለዎት? ልጆቹ ጥለውት ሲሄዱ ማታ ማታ ከእሷ ጋር ነበር። እሷ እንደ እርስዎ አትምረኝም! አራቱን ደፍታብኝ ስትስቅ ላይኛው ፎቅ ይሰማ ነበር። አሁን የሚደፋብኝ ሰው አጣሁ።»

«እንግዲያው ይጀምሩ» አልኩ።

ጀመርን። ግራውን ዳር ክፍት ተውኩ። ከዘራው መጣ፣ ሳጥኑ መጣ፣ እባቡ መጣ፤ ዱላ የለም። ክምሬ ከወገብ አለፈ። በመጨረሻ መጣ። ከተትኩት፤ አራቱም ብልጭ ብለው ጠፉ።

የአማቼ ክምር ከሥሩ ተነሥቶ ጣሪያው ድረስ ሄደ። መስታወቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እኔም ምነው ባልነካሁት ብዬ ተጸጸትኩ።

«እንዴ!» አሉ። «ኧረ እርስዎ ሰውዬ!»

«እርስዎ ነዎት የጠየቁኝ።»

«ጠየቅኩ እንጂ ቅበሩኝ አልኩ?»

ቅበሩኝ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ብድግ ስል፣ ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ይቀመጡ! የት ይሄዳሉ ደፍተውብኝ? ይድገሙ!»

ደገምን። አንድ ጊዜ እሳቸው፣ አንድ ጊዜ እኔ፤ የመጨረሻውን እኔ ወሰድኩ። መሸ፤ ጡቡ አልታይ አለን።

«መሽቶልዎት ነው እንጂ አሳይዎት ነበር» አሉኝ በሩ ላይ።

«እሱን ለጨለማው ይንገሩት» አልኳቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ጉልበቴ ክፉኛ አመመኝና ቀረሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጄና ከምራቴ ጋር ነው። ጠዋት ደወልኩላቸው፤ «እሺ» ብለው ዘጉት። እንደገና ወደዚያች «እሺ» ተመለሱ ብዬ ከፋኝ፤ ለምራቴም አልነገርኳት።

ምሳ ሳይደርስ በሩ ተንኳኳ። ምራቴ ሆዷን ደግፋ ሄዳ ከፈተች፤ ከፍታም እዚያው ቆማ ቀረች። ሶፋው ላይ ሆኜ የሚታየኝ የእሷ ጀርባ ብቻ ነው።

«አባዬ?» አለች። «አባዬ፣ ነድተህ መጣህ? በዚያ ሁሉ ሀይዌይ?»

«ዞር በይልኝ ልጄ። ዛሬ ካንቺ ጋር ጉዳይ የለኝም።»

ገቡ። ኮት ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ከኮታቸው ኪስ ያ ቀጭን ገመድ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ስለ ጉልበቴ አልጠየቁኝም። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«በየትኛው መስኮት ነው ፀሐይ የሚገባው?» አሉኝ።