ለሦስት የተቀደደው ባዮሎጂ

በደርግ ጊዜ ሀዋሳ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንማር፣ አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ ነበር የሚታደለው። ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና አንድ ወር ሲቀረው፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ መጽሐፉን ሦስት ቦታ ቀደን ተካፈልነው። ውላችን በየአሥር ቀኑ ልንቀያየር ነበር። ባዮሎጂ የወደቀ ክፍል ስለሚደግም ቀልድ አላወቅንም።

ለእኔ የደረሰኝ የተክሎች ክፍል ነበር። ሐይቁ ዳር እየተንጎራደድኩ ጮክ ብዬ ስሸመድድ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት አሞራዎች ሳይቀሩ የቅጠልን ጥቅም ጠንቅቀው አውቀዋል። አሥሩ ቀን ሲሞላ አንዱ ጓደኛዬ መጣ።

«በል ተክሎቹን አምጣ!»

«ኧረ ገና ሁለት ገጽ ይቀረኛል። አንተስ ልብና ሳንባውን ጨረስክ?»

«እኔም ቃላቱን እንጂ ነጠላ ሰረዞቹን ገና አልያዝኳቸውም።»

ሦስተኛውማ «ያልበሰለ አላስረክብም» ብሎ ጭራሽ ተደበቀን። እንዲህ ከጥንቃቄያችን ብዛት ሳንቀያየር ወሩ አለቀ።

ፈተናው ላይ ስለ ቅጠል አንድ ጥያቄ መጣልኝ፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ጻፍኩበት። ስለ ልብና ሳንባ ለተጠየቀው ግን መልሱን ከራሴ ፈጠርኩት።

መምህራችን ሦስታችንንም ቢሮ ጠሩን።

«እናንተን እንደ አንድ ሰው ብፈትናችሁ ከክፍሉ አንደኛ ትወጡ ነበር» አሉን። «ለየብቻ ግን ወድቃችኋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ትፈተናላችሁ።»

ከዓሣ አጥማጆች የመረብ ክር ለምነን መጽሐፉን ሰፋነው። ከዚያ ማን ቀድሞ ይውሰደው ስንባባል አንዱ ሳምንት አለቀ።