ሞተሯን ያጠፋችው አጃቢ

የናይሮቢ ረዥሙ ዝናብ የያዘበት ሰሞን ነው። ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ከጌቱ ምግብ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሦስታችን አንድ ኮምፒውተር ከበን እናድን ነበር። ኮምፒውተሩ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው የከማል ነው፤ አደናችን የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ። እናንተ ዛሬ ብትሰጥሙ እንደገና ትጀምራላችሁ። የእኛ ሕግ ግን «የሞተ አይነሳም» ነበር፤ መርከባችን ከሰጠመች ከዲስኬቱ ትደመሰሳለች። «ጉማሬ» ብለናት ከበጋ ጀምሮ በሕይወት አቆይተናታል።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪነቱ ለእኔ ደረሰ።

«ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ መጥቶ እዚህ አዛዥ ሆነ!» አለ ከማል። «ደርግ ይህን ቢሰማ!»

«ሳቁን ተወውና ቴፑን ዝጋልኝ» አልኩት። ውሃ ውስጥ ዱካው ድምፅ ነው።

አድማሱ ላይ ጭስ ሲታየኝ ፔሪስኮፑን፣ ከውሃው በላይ የምናይበትን ቱቦ፣ ወዲያው አወረድኩ፤ ብዙ የሚያይ ራሱ ይታያል። ፍጥነት ቀንሼ አዳመጥኩ። የምናድናት የነዳጅ መርከብ ድምፅ ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ የአጃቢ የጦር መርከቦቿ ቀጭንና ፈጣን። አጃቢዎቹ ሦስት ናቸው። መንገዷ ላይ ቀድሜ ጠበቅኋት፤ ስትቀርብ ፔሪስኮፑን ለአፍታ ብቅ አድርጌ ቶርፒዶ ለቀቅሁ። መታት።

ጌቱ ዘሎ ተነሳ። አያቱ ጎሽ ገዳይ ነበሩ፤ ግዳይ ተጥሎ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ዘራፍ! የጉማሬ ጌታ! ባሕር ገብቶ ገዳይ!» እያለ ወለሉን ይደበድበው ጀመር። ከማል ያጨበጭባል።

እኔ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ሁለት አጃቢዎች እየራቁ ነው። ሦስተኛዋስ?

«ጌቱ፣ ዝም በል!»

«አንተ ምቀኛ! ላንተ እኮ ነው የምፎክረው!»

«አንዷ ሞተሯን አጥፍታለች። እየጠበቀችን ነው።»

ጌቱ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ልክ ከበላያችን፣ ቀጭኑ ሞተር ተነሳ። ቀጥ ብዬ ብሸሽ ትደርስብኛለች፤ ስለዚህ ወደ ጥልቁ ወርጄ በሥሯ አለፍኩና ወደ መጣችበት ዞርኩ። ቦምቦቿ ከኋላችን ፈነዱ። ስክሪኑ ተናጠ፤ የኋለኛው ክፍል ውሃ አስገባ፤ ጉማሬ ግን አልሰጠመችም።

«አሁንስ?» አለ ከማል በሹክሹክታ።

«ገና።»

የሞተሯ ድምፅ ጨርሶ ሲጠፋ ወደ ጌቱ ዞርኩ። «አሁን ፎክር።»

ዘግይተው የሚበሉ ደንበኞች ጉርሻቸውን ይዘው በር ላይ እስኪቆሙ ድረስ ፎከረ፤ በስሜም ጠራኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዳይ ጥያለሁ። የሚጮኸውን ማንም ይሰማል፤ እኔ ግን ዝም ያለችው የት እንዳለች ሳላውቅ ዘራፍ ብዬ አላውቅም።