ጆንያው እስኪወጣ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ የማሾ እህል ከየገጠሩ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚገባበት ሰሞን ነው። ከባለቤቴ በቀር ለሰው አውርቼው አላውቅም። ለሶላት በቆምኩ ቁጥር ግን ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው አልኩ።

ቀኝ ትከሻዬ ከያዘኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ እሱንስ ልጄ ታበጥርልኛለች። የከበደኝ ሌላ ነው። ለሶላት ቆሜ «አላሁ አክበር» ስል ግራ እጄ እስከ ጆሮዬ ይወጣል፤ ቀኙ ከደረቴ አያልፍም። ሼኩን አስጠየቅኩ። «ለታመመ ችግር የለውም፤ የቻለችውን ያህል ታንሳ» አሉ። ልቤ ግን አልረጋም። በጌታዬ ፊት ግማሽ ሆኜ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ከመድኃኒት ይልቅ እንቅስቃሴ እንደሚሻለኝ ነገረኝ። የጎረቤታችን ልጅ ትዕግስት አዲስ አበባ ስፖርት ተምራ መጥታ፣ ለሴቶች ብቻ የስፖርት ቤት ከፍታለች። ቤቱ የድሮ የማሾ መጋዘን ነው። ባለቤቴን ሳስፈቅደው «ወንድ ከሌለበት ምን አለበት፣ ሂጂ» አለኝ።

የዐስርን ሶላት ሰግጄ ሄድኩ። ሰው እንዳያየኝ ባጃጁን ራቅ አድርጌ አስቆምኩት።

ስገባ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ ሦስት የሚያብረቀርቁ ብረቶች ቆመዋል። እንዲህ ያለውን ብረት አንድ ጊዜ በፊልም አይቻለሁ። መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ልብስ የሌላቸው ሴቶች ይጨፍሩበታል። ቴሌቪዥኑን ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

«ትዕግስት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ፖል ዳንስ ነው የሚባለው፣ እትዬ ዘሃራ። ስሙን አይፍሩት። እዚህ ስፖርት ነው። እንደ እርስዎ ትከሻው ለተያዘ ሰው ደግሞ እጅን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወስዳል።»

«እንግዲያው ዳንሱን ተይውና ወደ ላይ የሚወስደውን ብቻ አሳዪኝ» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር።

ከትዕግስት ጋር ስድስት ነበርን። ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። ሻርፕ ብረቱ ላይ ሊጠመጠምና አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል ስለነገረችኝ፣ ሁሉም ሴት ነው ብዬ ሻርፔንም ጅልባቤንም አውልቄ ሰቀልኩ። በረጅም ሱሪና በቲሸርት ቀረሁ። ከቤቴ ሰው በቀር እንዲህ ሆኜ ያየኝ የለም። ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩ መቆለፉን አየሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስነሳ፣ ተራዋ እስኪደርስ ነጠላ ያጣፋች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት «እትዬ፣ በሩ አይሸሽም» አለችኝ። ከአጣዬ እንደመጣች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ሌላ አላውቃትም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ብረቱን ጨብጦ ዙሪያውን መራመድ፣ ክብደትን ትንሽ በትንሽ እጅ ላይ መጣል ነው። መዳፌ በላብ ይንሸራተታል። በየመሃሉ «አስተግፊሩላህ» እላለሁ። ምን አመጣሽ፣ ይላል ልቤ።

በመሃል መብራት ጠፋ። ሙዚቃውም ቬንቲሌተሩም ቆመ። የእኛን አገር ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀመሰ ያውቀዋል። አንዷ «ታፈንኩ» ስትል ትዕግስት ቁልፉን ከፍታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ዓይኔ እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

ተራው የእኔ ሆነ። ትዕግስት «አንድ እግርዎን ብቻ ብረቱ ላይ ያሳርፉ» አለችኝ። አሳረፍኩ።

ልጅ ሆኜ ካራቆሬ አጠገብ የአባቴን ማሽላ ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማማችን መሰላል አልነበረውም። የምንወጣው በአንድ ልሙጥ እንጨት ነው። እግሬ ብረቱን ሲነካ ያንን እንጨት ያገኘ መሰለው። ሳላስበው በግራ እጄና በሁለት እግሬ ሽቅብ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የሦስተኛ ሳምንት ነው!» አለች ትዕግስት።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተገፋ።

የገባው ሰው ጆንያ ተሸክሟል። ጆንያው ጀርባውንም ራሱንም ተጭኖታል፤ ወገቡ ጎብጧል፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም! የት ላውርደው?» አለ።

መጋዘኑ ወደ ጎን ግቢ መዛወሩን አልሰማም። ድምፁን ግን እኔ አወቅኩት። የባለቤቴ አጎት ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ እንደ አባት የሚያያቸው ሰው።

ብወርድ የማርፈው ዓይናቸው ፊት ነው። እዚያው ብቀር፣ ጆንያውን አውርደው ቀና ያሉ እንደሆነ ፀጉሬ ተገልጦ ከመጠጥ ቤት ብረት ላይ ተጣብቄ ያገኙኛል። ለሶላቴ ብዬ መጥቼ ሀያዬን፣ ጨዋነቴን ልጥል ነው፣ አልኩ። ሰላምታቸውን የመለሰላቸው የለም። ሁሉም ደርቆ ቆሟል። ግራ እጄ ይንሸራተት ጀመር። ጋሽ እንድሪስ ሸክሙን ለማውረድ ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ።

ያቺ የአጣዬ ሴት ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ለትዕግስት ወረወረችላት፤ ትዕግስትና አንዷ ግራና ቀኝ ይዘው ከፊቴ እንደ መጋረጃ ወጠሩት። እሷ ጋሽ እንድሪስ ጋ ሄዳ ጆንያውን ከሥሩ ደገፈችላቸው። «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፤ መጋዘኑ ከጎን ነው። አብሬ ልያዝልዎ» አለች፣ በሹክሹክታ። ከነሸክማቸው አዞረቻቸው።

እኔ ላይ ነኝ። የጆንያው ጫፍ ከበሩ እስኪወጣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት ሌላ ያልኩት የለም።

በሩ ሲዘጋ ተንሸራትቼ ወረድኩና ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«እትዬ፣ ቀኝ እጅዎ!» አለች ትዕግስት።

«ምን ሆነ?»

«ከራስዎ በላይ ነበር እኮ!»

ለካ ግራው ሲከዳኝ በቀኜ ከላይ ይዣለሁ። ሕመሙ የመጣው ስትነግረኝ ነው።

ያቺ ሴት የማሾ አቧራ ከትከሻዋ እያራገፈች ተመለሰች። «አስረክቤልዎት መጣሁ» አለችና በሩን ቆለፈችው። «አሁንም አይሸሽም።»

ጋሽ እንድሪስ ከመግሪብ በፊት ቤታችን መጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው።

«ዛሬ ጉድ ሠራሁ» አሉት ባለቤቴን። «መጋዘን ነው ብዬ ከሴቶች መስገጃ ገባሁልህ! ጫማው በር ላይ ተደርድሯል፣ ሁሉም በባዶ እግር ቆመዋል፣ ሰላምታ ብል የሚመልስ የለ። ለካ ሶላት ላይ ናቸው! አንዷ የጨረሰች ሹክ ብላ አወጣችኝ። አላህ ይቀበላችሁ ብዬ ሹልክ አልኩ።»

ባለቤቴ የስፖርት ቤቱ የት እንደሆነ ያውቃል። አየኝ። አየሁት።

«አሚን» አልኩ።

እንግዳው ሲሄዱ ሁሉንም ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ «መሄዱን አትተይ፤ በሩን ግን ቆልፉ» አለኝ።

በዚያ ቀን የመግሪብ ሶላት ላይ ቀኝ እጄ እስከ ትከሻዬ ወጣ። በጣም አመመኝ። ዛሬ አንዳንድ ቀን የጆሮዬን ጫፍ ይነካል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። አልሐምዱሊላህ።

የዚያችን ሴት ስም ያወቅኩት በሳምንቱ ነው። አስካለ ትባላለች። ዱዓ ሳደርግ ከልጆቼ ቀጥዬ አነሳታለሁ።

አሁንም እንሄዳለን። ስጋቱ አልለቀቀኝም፤ ብረቱን ከመያዜ በፊት ሁለት ጊዜ በሩን አያለሁ። ሦስተኛውን አስካለ ታይልኛለች።