ከሃፊዛ የተደበቀው ሽልማት

አዩብ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ድንኳንና ወንበር ያከራያል። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ በአካባቢው ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት ጉዳይ ካለ የእሱ ወንበሮች እዚያ አይጠፉም። ሚስቱ ሃፊዛ ደግሞ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናት፤ ረግረግ ላይ የሚበቅሉ ተክሎችን ታጠናለች። ደሞዝ የምትቀበልበት መሥሪያ ቤት አላት። ከዚያ ስትወጣ ግን ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ ለዚህኛው ሥራዋ የሚከፍላት የለም።

መጀመሪያ ሰሞን አዩብ ነገሩ አልገባውም ነበር። እሱ ማኅበር ሲባል የሚያውቀው እድርን ነው። የሃፊዛ ማኅበር ማን ሞቶበት ነው ቅዳሜዋን ሁሉ የሚበላባት? ከክፍለ ሀገር የመጣ ተማሪ ማረፊያ ሲያጣ የሚደውለው ለእሷ ነው። የአንዱ ጀማሪ ተመራማሪ ጽሑፍ ገምጋሚዎች ዘንድ ተወዝፎ ሲቀር እየደወለች የምትጨቀጭቃቸው እሷ ናት። የማኅበሩ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ቢሮ ለቢሮ የምትንከራተተውም እሷው ናት። አንድ ቀን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ስትመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ስለ እንቁራሪት በስልክ እየተከራከረች ፌርማታዋን አልፋ ሄዳ በእግሯ ተመልሳለች።

"ለመሆኑ ምን ይሰጡሻል?" ይላት ነበር አዩብ።

"ሥራ ነዋ!" ትለዋለች እየሳቀች።

ነገሩ የገባው ማኅበሩ አዳራሽ ባጣበት ዓመት ነው። ዓመታዊ ጉባኤው ሊጀመር ሲል የተከራዩት አዳራሽ ባለቤት ለሌላ ሰጥቶባቸው ቁጭ አለ። እንግዶቹ ከጅማ፣ ከጎንደር፣ ከአርባ ምንጭ ተነሥተው መንገድ ላይ ናቸው። ሃፊዛ አዩብ ሱቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"አዩብ፣ ድንኳን አለህ?"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ጉባኤያችን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።"

የሰርግ ድንኳኖቹ ሁሉ ወጥተዋል። የቀረው ትልቁ የለቅሶ ድንኳን ብቻ ነበር። አዩብ እሱን ከሱቁ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተከለው፤ ምሁራኑም አንድ በአንድ እያጎነበሱ ገቡ። ረፋዱ ላይ እትዬ ወለተጻድቅ የሚባሉ የሰፈሩ አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ገቡና ጥግ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው አዩብን ጠሩት።

"ልጄ፣ የሞተው ማን ነው?" አሉት በሹክሹክታ።

"ማንም አልሞተም እትዬ፤ ስለ ረግረግ ነው የሚያወሩት።"

"ታዲያ ምን እንዲህ ያስተክዛቸዋል?"

"ረግረጉ እየደረቀ ነው።"

"እንግዲያውስ ለቅሶ ነው" አሉና እስኪያበቃ ድረስ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። በዚያን ሰዓት የምትናገረው ኤልሻዳይ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሰው ፊት ጥናቷን ስታቀርብ የመጀመሪያዋ ነው። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው ድምጿ ጠፋ፤ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ይሄኔ ሃፊዛ ብድግ አለች። "ሁላችሁም ወንበራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ!" ስትል ያ ሁሉ ፕሮፌሰር ወንበሩን ተሸክሞ ልጅቷን ከበባት፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው አዳመጧት። አዩብ ነፋሱ ድንኳኑን እንዳይጥለው ምሰሶውን አቅፎ ቆሞ ነበር። ቤት ውስጥ የሚያውቃት ሚስቱ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ስታስነሣ ሲያይ ኩራት ተሰማው። ከዚያ ወዲህ "ምን ይሰጡሻል?" ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ጉባኤው ሲቃረብ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፕሮፌሰር መኳንንት ሃፊዛ ሳታውቅ አዩብ ሱቅ መጡ። ሸበቶ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ የጎጃም ሰው ናቸው።

"አቶ አዩብ፣ ጭንቅ ላይ ነን" አሉ። "የዓመቱን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሽልማት ለሃፊዛ ልንሰጥ ወስነናል።"

"ማሻ አላህ! ታዲያ ጭንቁ ምኑ ላይ ነው?"

"የተሸላሚውን ስም የምታስቀርጸው እሷ፣ ምስጋናውን የምትጽፈው እሷ፣ ፕሮግራሙን የምታሳትመው እሷ። ከራሷ እንዴት አድርገን እንደብቃት?"

አዩብ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ቀጥሎ ግን ደነገጠ። "ፕሮፌሰር፣ እኔ ውሸት አይሆንልኝም። ፊቴ ያጋልጠኛል።"

"አይዋሹ። ዝም ብቻ ይበሉልን።"

ዝምታውም ቀላል አልሆነም። በዚያው ሳምንት ሃፊዛ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

"ሽልማቱን ከእጄ አወጡት!" አለች።

"እነማን?" አለ አዩብ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

"ፕሮፌሰር ናቸዋ! ተሸላሚው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው 'ለዘንድሮ ተይው' አሉኝ። ፕሮግራሙ ላይ ያቺ መስመር ባዶዋን ቀርታለች። ሰልችቻቸዋለሁ መሰለኝ፣ አዩብ። እንዲህ ከሆነማ ከጉባኤው በኋላ አስረክቤ እወጣለሁ።"

አዩብ እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። "ጉባኤው ይለፍና ያኔ ትወስኛለሽ" አላት። ከዚያ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣና ከበሩ ራቅ እንዳለ ለፕሮፌሰር ደወለ።

"ፕሮፌሰር፣ ሴትየዋ ልትለቅባችሁ ነው!"

"ወይ ጉድ!" አሉ ፕሮፌሰሩ። "እንደምንም ይያዙልን፣ አቶ አዩብ!"

በጉባኤው ቀን አዩብ የኢድ ሱፉን ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ከች አለ። ሃፊዛ ስታየው ግራ ገባት።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ወንበራቸው ምን ዓይነት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አላት። ጊዜ ኖሯት ቢሆን ፊቱ ላይ ታነብበው ነበር፤ ግን ማይክራፎኑ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ጥላው ሮጠች።

የሽልማቱ ሰዓት ሲደርስ መድረክ ላይ የወጣችው ኤልሻዳይ ናት፤ አሁን ዶክተር ሆናለች። "የዛሬዋ ተሸላሚ" አለች፣ "ይህን ፕሮግራም ከአንዲት መስመር በስተቀር ሙሉ በሙሉ ያዘጋጀችው ሰው ናት።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሃፊዛ በር ላይ ከድምፅ ባለሙያው ጋር ስትነታረክ አልሰማችም ነበር። ስሟ ሲጠራ ዞር ብላ "መጣሁ፣ ባትሪው እኮ . . ." አለች፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

"እስቲ ሁላችሁም ተነሡልኝ" አለች ኤልሻዳይ። ሁሉም ተነሣ። "ሃፊዛ በቸገረው ጊዜ ደርሳለት የማታውቅ ሰው ካለ ይቀመጥ።"

አዩብ ዙሪያውን ተመለከተ። ሸበቶዎቹ ቆመዋል፤ ጎረምሶቹ ቆመዋል። አንድም ወንበር አልተንቀሳቀሰም። እሱም ቆሞ ቀረ፤ ዓይኑ በእንባ ቢሞላም አልጠረገውም፣ ማንም ቢያየው ግድ አልነበረውም።

ሃፊዛ መድረክ ላይ ወጥታ ሽልማቱን ተቀበለች።

"ይህን ሁሉ ከእኔ ደብቃችሁ ሠራችሁት" አለች። "ያለ እኔ መሥራት ትችላላችሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ተቀይሜ ልለቅ ነበር። አልለቅም። አንድ ዓመት እቆይና ሥራውን ለኤልሻዳይ አስተምራታለሁ፤ ከዚያ በፍቅር አስረክባለሁ።"

ኤልሻዳይ አፏን በእጇ ያዘች። ፕሮፌሰር መኳንንት ወደ አዩብ ጎንበስ ብለው "ሽልማት ሰጥተን ሥራ ተሸለምን" አሉት።

በማግሥቱ ኢብራር የሚባል ደንበኛ ለልጁ ሰርግ ድንኳን ሊከራይ ሱቅ መጣ።

"ሚስቴ ትናንት ተሸለመች" አለው አዩብ፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ።

"አልሐምዱሊላህ! በምን?"

አዩብ ወንበር ሳበለት። "ተቀመጥ፣ ልንገርህ" አለና ከረግረጉ ጀመረለት።