የማን ልጅ ናት?

ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ሙሉጌታ አይባሉም፤ ልጅቷም ናሆሚ አይደለችም። ክልሉንና ከተማዋን ደግሞ ጭራሽ አልጠራም። ምን አስፈራሽ የሚለኝ ካለ እስከ መጨረሻው ይስማኝና ያኔ ይጠይቀኝ።

ጋሼ ሙሉጌታ ካናዳ ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር፣ እኔ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት ሆናቸው። አገር ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሂሳብ አስተምረዋል። እዚህ ስኩል ባስ ይነዳሉ፤ እኔም እነዳለሁ፤ ሥራ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሹፌር ዙሩን ሲጨርስ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ እንዳይቀር ባሱን እስከ ኋላ ድረስ ሄዶ ማየት አለበት፤ ሕጉ ነው። እኛ አንዴ እናያለን። ጋሼ ግን ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚያዩት፤ «የሰው ልጅ ላይ መቸኮል የለም» ይላሉ።

አላገቡም። እህታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ትታ ነበርና እሷን ሲያሳድጉ ጊዜው አለፈ። ናሆሚ ናት። አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ከተማ አስተማሪ ናት። «ልጅ አለዎት?» ያላቸው ሰው ፎቶዋን ሳያይ አይሄድም። አንዴ ክሊኒክ ይዣቸው ሄጄ ደም የምትቀዳቸውን ነርስ መርፌውን አስቁመው አሳይተዋታል።

ዘንድሮ የክልሉ ምርጫ ሲቃረብ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። የክልሉ ፕሬዚዳንት ስምንት ዓመት ከወንበሩ አልተነሳም። ፕሬዚዳንቱን የሚሰይመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ተቃዋሚው ፓርቲ ከምክር ቤቱ ወንበር ከግማሽ በላይ ካገኘ ሰውየው ይነሳል። ጋሼ ይኼን ከግማሽ በላይ ሲፈልጉ ቤዝመንቱን በወረቀት ሞሉት። በየወረዳው ባለፈው ማን አሸነፈ፣ ዘንድሮስ ማን ያሸንፋል፣ ሁሉም ተጽፏል። እኔ ፖለቲካ አልወድም፤ እዚህ አገር ስንት ወዳጅ በሱ ተኳርፎ ቀርቷል። ግን አልዋሽም፣ የሳቸውን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። «አንዲት ወንበር ናት የጎደለችን» ሲሉኝ «ግዴለም፣ ትገኛለች» እላቸው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የተቃዋሚው ፓርቲ ደጋፊዎች ላይቭ ይገባሉ። አንድ ቅዳሜ ጋሼን ጋበዟቸው። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ያቆምኩላቸው እኔ ነኝ። ይኼን ልብ በሉልኝ። እዚህ እኩለ ቀን፣ እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ አራት መቶ ሰው ይሰማል። ጋሼ ወረዳ በወረዳ ተነተኑና «የቀረችው ወንበር የኔ ከተማ ናት፤ እሷንም እናገኛለን» አሉ። አዘጋጁ «በምን እርግጠኛ ሆኑ?» አላቸው። «እዚያው ያለች ልጅ ነግራኛለች፤ ልጅቷ አትዋሽም። አስተማሪዎቹ፣ የገዢው ፓርቲ አባል የሆኑት ሳይቀሩ፣ ዘንድሮ ለኛ ነው የሚሰጡት» አሉ።

ከዚያ አንድ ሰው ጥያቄ አለኝ ብሎ ገባ። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ጨዋ፣ አነጋገሩም የሳቸው አገር አነጋገር። «ጋሼ፣ እኔም የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ፤ እንዲያውም ሳያስተምሩኝ አልቀሩም» አላቸው። የጋሼ ፊት በራ። የት ሰፈር፣ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ፣ እነማን ጎረቤት፣ ሲጠያየቁ ቆዩ። በመጨረሻ ሰውየው «ያቺ ልጅ ታዲያ የማን ልጅ ናት?» አላቸው።

እንግዲህ እኛ ይኼን ጥያቄ ዝም ብለን ማለፍ አናውቅበትም። የማን ልጅ ነህ ተብሎ ወላጁን ያልጠራ ሰው ወይ ጠያቂውን ንቋል፣ ወይ በወላጁ አፍሯል። ጋሼ ደግሞ የተጠየቁት ስለ ናሆሚ ነው። አፋቸውን ሞልተው «የእህቴ ልጅ ናት፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ዘንድሮ ምርጫ ጣቢያ ላይ የፓርቲያችን ታዛቢ ናት» አሉ። ሰውየው «እግዜር ይባርክልዎ» ብሎ ወጣ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ምንም አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ።

ሰኞ ስልኳ ጠርቶ አይነሳም። ማክሰኞ ዝግ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ዙራችንን ጨርሰን ባሶቹን ፓርክ ስናደርግ የናሆሚ ጎረቤት ለጋሼ ደወለች። ሦስት ሰዎች መጥተው «ካናዳ ያለው አጎቷ የሚያወራላት አስተማሪ የትኛዋ ናት?» ብለው በየቤቱ ጠይቀዋል። ናሆሚ ቤቷ የለችም፤ የት እንዳለች የሚያውቅም የለም። ሴትዮዋ ይኼን ብላ ዘጋች።

ጋሼ ከባሱ አልወርድ አሉ። ሄጄ ሳይ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይመላለሳሉ፤ ጎንበስ እያሉ በየወንበሩ ሥር ያያሉ።

«ጋሼ፣ ማንም የለም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፤ ግን አላቆሙም። የባሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጄ ሃሌሉያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደችው። ነገሩን ስትሰማ «ማም፣ ላይክ፣ ለምን ነገራቸው ግን?» አለችኝ። ስለጠየቋቸው ነው አልኳት። «ዛትስ ኢት? በቃ?» አለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተከትለው አይመልሱት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ፍርሃት ገባ። ያላወቅነው ቁጥር ሲደውል ሁለታችንም ክው እንላለን። ካልጋሪ ድረስ ማን ይመጣል ብዬ ራሴን እቆጣለሁ፤ ተቆጥቼ ስጨርስ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ያ ለስላሳ ድምፅ ከየት ሆኖ ነበር የሚያወራው? ከዚያው ከተማ? ወይስ ከዚሁ ከጎናችን፣ ከኤርድሪ? ቤተ ክርስቲያን ጨዋ ድምፅ ያለው ወንድ «እንደምን ሰነበትሽ» ሲለኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። የላይቩ አዘጋጅ ደግሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «በዚህ ሳምንትም ጋሼ ይገባሉ?» ብሎ ደወለልኝ። መልሴን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጄ በሩን ዘግታ ነው የሰማችኝ።

ምርጫው ተደረገ። ፕሬዚዳንቱ አልተነሳም። በጋሼ ከተማ ተቃዋሚው ተሸነፈ፤ በናሆሚ ምርጫ ጣቢያ ለተቃዋሚው የተቆጠረው ድምፅ ዜሮ ነው። ውጤቱን ከስልኬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ማጭበርበር ነው ብለው ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ዜሮ ከሆነ እሷም አልመረጠችም ማለት ነው» አሉ። «ቢያንስ አንድ መሆን ነበረበት፣ ሐና።» ወረቀቶቹን በዚያው ቀን ቀደው ጣሉ።

ምርጫው በተደረገ በአሥራ አንደኛው ቀን ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። እሷ ናት። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«አባዬ፣ አለሁ። የት እንዳለሁ ግን አልነግርህም።»

«አትንገሪኝ፣ ልጄ። ለኔ አትንገሪኝ።»

«አሁንም እየፈለጉኝ ነው። ማንም ቢጠይቅህ አላውቃትም በል። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገቡላት። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ክርስትና ነበር። ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት ከጋሼ ጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ ቆዩ፤ ደግ ሴት ናቸው። እኔ ሳህን ይዤ እመጣለሁ። «ለመሆኑ ልጅ አለዎት?» ሲሏቸው ሰማሁ።

የጋሼ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ ስልኩ ሄደ። እዚያው ቆመ።

«የለኝም፣ እናቴ» አሉ።

«አይዞዎት፣ እግዜር ያውቃል» አሏቸው ሴትዮዋ።

ጋሼ «አሜን» አሉና ማን እንደሰማቸው ለማየት ግራና ቀኝ ዞር ዞር አሉ።